የሰሊጥ ዘይት የገባበት ፍሬን

መተማ፣ አጎቴ አዳነ ጋራዥ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ መርገጥ ነበር። ሎሪው ሥር ተኝተው «ርገጪ» ይላሉ፤ የፍሬን ፔዳሉን እስከ ታች እረግጣለሁ። «ያዢ» ይላሉ፤ እይዛለሁ። ከጎማው በስተጀርባ ያለችውን የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ሲከፍቷት አየሩ ከፍሬን ዘይቱ ጋር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ሳይዘጓት እግሬን ካነሣሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ቀኑን ሙሉ የተነጋገርነው እነዚያን ሁለት ቃላት ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ከዚያ ጎማ መለጠፍ፣ ቀጥሎ የፍሬን ሸራ መቀየር፣ በኋላም ፖምፓ መፍታት ለመድሁ። ፖምፓ የፔዳሉን ግፊት በዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ዕቃ ነው። ስፈታው ኖርሁ እንጂ ጽፌው አላውቅም ነበር።

በአጨዳው ወራት የመንግሥት እርሻው ጓዶች መጥተው አጎቴን ወደ አብደራፊ ወሰዷቸው። ትራክተር ቆሞባቸው ነበር። «ጎማ ለጥፊ፤ ከባድ ነገር ከመጣ እስክመለስ ይቁም በይ» ብለውኝ ሄዱ። ጋራዡ ውስጥ ከእኔ መዶሻ በቀር ድምፅ ጠፋ። ሹፌሮቹ ከሴት ልጅ ጋር ተቀምጠው አያወጉም፤ የሰፈሩ ልጃገረዶች ደግሞ ግራሶ ትሸታለች ብለው አይጠጉኝም።

አንድ ረፋድ ጋሽ ስራጅ የሚባሉ ሹፌር ሎሪያቸውን አቁመው ወረዱ። ላዩ ላይ ሳሉግ ሞልቷል፤ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። አጨዳ ጨርሰው በጎንደር በኩል ወደየቤታቸው የሚወጡ ነበሩ።

«ፔዳሉ ለስልሷል። ደጋግሜ ስረግጠው ነው የሚይዘው። አየር ነው፣ አስወጪልኝ» አሉ።

«አጎቴ የሉም።»

«አየር ለማስወጣት አጎት ምን ያደርጋል?»

የኋላ ጎማው አጠገብ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። በክሪክ አንሥቼ ባዞረው አልዞር አለኝ። አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይዞር ነበር። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍቼ አሸተትሁ።

«ጋሽ ስራጅ፣ ምን ጨመሩበት?»

«ዘይት ነዋ።»

«የምን ዘይት?»

«ትናንት ወደዚህ ስመጣ ኮኪት ላይ የፍሬን ዘይት ከየት ላምጣ? ከመጭመቂያው የሰሊጥ ወሰድሁ። ንጹሕ ነው፤ አንቺም ብትበዪው ይስማማሻል።»

ከላይ አንዱ ሳሉግ «እንግዲያ ሽንኩርትም ይጨመርበት» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። የሰሊጥ ዘይት ጎሚኒውን፣ ማለትም ፖምፓው ውስጥ ያለውን ጎማ፣ ያሳብጠዋል። ጎሚኒው ሲያብጥ ዘይቱ አይመለስም፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ እንደያዘ ይግላል። ዘይቱ ይፈላና ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የጎንደር መንገድ ደግሞ ገደል ነው።

«ይህ ሎሪ አይሄድም» አልሁ።

«አየሩን አስወጪና እንሂድ። ልጅ ነሽ፣ አታስፈራሪኝ። ኸላስ፣ በቃ።»

ቁልፌን አነሣሁና የዘይቱን ቱቦ ፈታሁት። ሰሊጥ ሰሊጥ የሚሸት ዘይት መሬት ላይ ፈሰሰ። አሁን መሄድ አይቻልም። መልሼ መግጠም ካቃተኝ ግን ሎሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ስራጅ እየተሳደቡ ጥላ ፍለጋ ሄዱ።

አጎቴ ያስቀመጡትን አዲስ ጎሚኒ አወጣሁ። ፖምፓውንና በየጎማው ያለውን ሲሊንደር ፈትቼ በአልኮል አጠብሁ፤ ቱቦዎቹን በንጹሕ የፍሬን ዘይት አጠራሁ፤ ገጠምሁ። ከዚያ ቆምሁ። አየሩን ማስወጣት ለብቻ አይሆንም፤ የሚረግጥልኝ ሰው የለም።

ሙሉቀን የሚባል የጎጃም ሳሉግ ከሎሪው ላይ ወረደ። «እኔ ልርገጥልሽ፣ እኅት ዓለም።»

«ያዝ ካልሁህ ልቀቅ ሳልልህ እንዳትለቅ።»

«እርፍ እይዝ የለም እንዴ? አልለቅም።»

ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀመርን። ትንሽ ዝም ካልሁ ከጋቢናው ይጠራል።

«አለሽ?»

«አለሁ። ያዝ።»

መጨረሻው ጎማ ላይ አየሩ አልቆ ሳለ፣ «አለሽ?» እንዲለኝ ብዬ ጥቂት ጊዜ ደጋግሜ አስረገጥሁት።

ፔዳሉ ጠነከረ። ጋሽ ስራጅ ሜዳው ላይ ዞር ዞር አድርገው ሲረግጡት ሎሪው ቀጥ አለ፤ ላዩ ላይ ያሉት እርስ በርስ ተደፋፉ። በጎንደር መንገድ ወደ ሸሕዲ ነዱት። ሙሉቀን እጁን አነሣልኝ። አቧራው እስኪተኛ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ የፈሰሰውን ዘይት አሸዋ አለበስሁት። ጎንደር በደህና መግባታቸውን ቆይቶ ከሌላ ሹፌር ሰማሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ፔዳሉ ለሰለሰ ተብሎ መኪና ሲመጣላችሁ አየር ነው ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ዘይቱን አሽትቱ።