ፊት ፈታሹ ዘበኛ

የልብስ ፋብሪካችን ዘበኛ ከቦርሳ ይልቅ ፊት ነው የሚፈትሸው። ኮፍያው ሰፍቶት ቅንድቡ ላይ ይወድቃል፤ ካፖርቱ የተውሶ ይመስላል። አኩርፌ ከመጣሁ ግን በዚያ ኮፍያ ስር አጮልቆ አይቶኝ፣ "ይሄ ፊት አያልፍም። ተመለሽና እንደ ሰው ግቢ!" ይለኛል። ስቄ ስመለስ፣ "እሰይ፣ የልጄ ፊት መጣ!" ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ስልክ ላይ እየጮኹ ሲደርሱ፣ "ጌታዬ፣ እርስዎም እንደገና ይግቡ" አላቸው። በንዴት ዕረፍት አስወጡትና ኮስታራ ዘበኛ ተኩ። ያን ሳምንት ሁላችንም ተኮራርፈን ሰፋን። የእኔ ሸሚዝ ሦስት እጅጌ አወጣ፤ ከጎኔ ያለችው ደግሞ የአንገቱን ቀዳዳ ድርግም አድርጋ ሰፋችው። ደንበኞች ዕቃውን መለሱ፤ ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውን መለሱ። አሁን እሳቸው ማንም ሳያዛቸው ሁለቴ ይገባሉ።

ዘበኛው ጎረቤቴ ነው፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ትናንት ከሥራ ሲመለስ በመስኮቴ አየሁት። የገዛ በሩን አንኳኳ። "እንደምን ዋላችሁ?" አለ። ቁልፉን አውጥቶ ከፍቶ ገባ። ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ አገባቡ አላማረውም መሰለኝ። እንደገና ሲያንኳኳ አላስቻለኝም፤ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ፣ "እሰይ፣ ጋሼ መጡ! ይግቡ!" ብዬ ጮህኩ።

ኮፍያውን አስተካከለና እንደ ሰው ገባ።