መለያው የተላጠው ስዊች

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አሶሳ ውስጥ የጎረቤቴ የኢንተርኔት ቤት ታሸገ። ኮምፒውተሮቿን የሚያገናኘው ስዊች መለያ ቁጥሩ የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ተልጦ ስለተገኘ፣ ፖሊስ ከአንድ ቢሮ ከተሰረቁት ዕቃዎች አንዱ ነው ብሎ ጠርጥሯል። እሷም ደረሰኝ አልነበራትም።

"ወንድሜ፣ በላቤ ባፈራሁት ገዝቼ ሌባ ልባል?" አለችኝ።

ጋዜጠኛ ነኝና፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ሳላረጋግጥ አንድ መስመር እንደማልጽፍ ነገርኳትና ወደሸጡላት ነጋዴ ሄድኩ። ከኩርሙክ መጥተው አሶሳ ገበያ ውስጥ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው።

"ሐጂ፣ ወረቀቱን ማን ላጠው?"

"እኔ! እዚህ ነጋዴ ሁሉ ይልጣል። ካልላጥኩ ደንበኛ በቁጥሩ አከፋፋዩን አጣርቶ አዲስ አበባ ይደውልና በቀጥታ ከእሱ ይገዛል። አንተስ ወሬ የነገረህን ሰው ትናገራለህ?"

"አልናገርም።"

"ታዲያ!" ብለው ሳቁ።

ቤቷ መታሸጉን ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። "ወላሂ፣ አልሰማሁም" አሉና ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ስዊቹን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ውስጡ የተመዘገበውን መለያ ቁጥር አወጣ። ይህ ባለሙያ ራሱም ስዊች ይሸጣል። ሐጂ ትንሽ አዩትና "አንተ ጆሮህን ድፈን" አሉት። ከዚያም ለአከፋፋያቸው ደውለው ድምፁን ለሁላችንም ለቀቁት። መርማሪው ቁጥሩን አነበበ። አከፋፋዩ ያንን ስዊች ለሐጂ የሸጠው እሱ መሆኑን አረጋገጠ።

እሽጉ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣ።