አለት ላይ የተዘራ ካሮት

ባለቤቴ ዲላ ባለው ግቢያችን የድንጋይ ንጣፍ ላይ አንድ ስንዝር አፈር ቆልላ መደብ ሠራች። «ምን እንዝራበት?» አለችኝ። ከገዛቻቸው ዘሮች የካሮቱን እሽግ አንስቼ ስቀደው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ጥልቁን አፈር ለእንሰትና ለቡና ይዞ፣ ጓሮ ካለው አለት ላይ ልክ እንዲህ ያለ መደብ ሰጠኝ። «የፈለግከውን ዝራ። ካማረልህ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለህ» አለኝ።

ካሮት አልኩ። ጥሬውን ይበላል፣ ይጣፍጣል።

እናቴ ደነገጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ጎመን ዝራ በለው እንጂ!»

«ተይው፣ ራሱ ይምረጥ» ብሎ ሳቀ። እኔ ያከበረኝ መስሎኝ ኮራሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ውኃ ተሸክሜ አጠጣሁ። ስነቅለው ሥሩ አለቱ ጋ ደርሶ እንደ ዶሮ እግር ተንሻፍፏል። አባቴ አንዱን አገላብጦ አየና፣ «በራስህ ፈረድክ። ይሄ ፈጣን እጅህ ለቡና ለቀማ ነው የተፈጠረው» አለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። አሁን እሽጉን ገልብጬ አነበብኩ፦ «ካሮት ድንጋይ የሌለበት ጥልቅ አፈር ይፈልጋል።»

አባቴ ይህን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም።

«ጎመን ዝሪበት» አልኳት።