ነዳጁ የት ደረሰ?

እንደ ባሌ ያለ ሰው ጋምቤላ ውስጥ ሁለተኛ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ኤሲ ያላት መኪና ገዝቶ ኤሲ የሚከለክል። ቀትር ላይ ወንበሯ ቀሚስ አልፎ ገላ በሚጠብስበት ከተማ፣ እሱ አራቱንም መስኮት አውርዶ "ነፋሱ መች አነሰሽ?" ይለኛል። ነፋስ የሚለው ያንን ከእሳት ዳር የተነሣ የሚመስል ወበቅ ነው። መኪናዋን በገዛን ሰሞን አንድ ቀን ብሶብኝ እጄን ሰደድኩና የኤሲውን ቁልፍ ተጫንኩት። ሞተሩ ከበድ አለውና አቃሰተ። ባሌ ጣቱን ቀስሮ፣ "ሰማሽ? ቤንዚኑን ጠጣች" አለኝ። ምን ላድርግ፣ መልሼ አጠፋሁት።

መኪናዋን የገዛነው ለእናቴ ስንል ነው። እናትና አባቴ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔም የተወለድኩት ከጀዊ አልፎ፣ በአቦቦ መንገድ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን ከተማው ውስጥ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ልናመጣት ብዙ ለመንናት። "የከተማ ሙቀት በቆርቆሮ ላይ ፈልቶ ነው የሚወርደው፤ እኔ ከማንጎዬ ጥላ ንቅንቅ አልልም" ብላ እምቢ አለች። እግሯ ማበጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገበያ መውጣቱንም ተወችው። ቅዳሜ ቅዳሜ መድኃኒቷን አድርሼ፣ እግሯን አሽቼ፣ የሳምንት ወሬዋን ሰምቼ ካልመጣሁ ሳምንቱ ሳምንት አይሆንልኝም። ሚኒባሱ እንደሆነ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለኔ ቤንዚን ማለት እናቴን ማየት ማለት ነበር።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ቢሮ ሹፌር ነበር። ቀኝ እጁ ከፒክአፕ ማርሽ ጋር ስለኖረ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲሰማ እንኳ ጉልበቱ ላይ ማርሽ ይቀይራል። ጡረታ ሲወጣ ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና፣ ያውም አውቶማቲክ፣ ይዞ ሲመጣ የሥራ ጓደኞቹ መሳቂያ አደረጉት። አንደኛው ግቢያችን ድረስ መጥቶ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ዘጋና፣ "አንተን የመሰለ የፍሪሲዮን ሰው እንዴት በዚህች ተታለለ? ማርሹን ለእሷ ከተውክላት እኮ ቤንዚኑንም እንዳሻት ነው የምትጠጣው" አለው።

"የተገኘችው እሷ ናት" አለ ባሌ።

እኔም ነገሩ አልገባኝም። ለጠብታ ቤንዚን የሚሳሳ ሰው፣ አገር ሁሉ ትጠጣለች የሚላትን መኪና ምን ብሎ ገዛት? አንድ ሁለቴ ጠይቄው ያችኑ መልስ ስለሰጠኝ ተውኩት።

ከዚያ የቁጠባው ሕግ ወጣ። መጀመሪያ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ከስኮርታ ጎማና ከክሪክ በቀር ያለው ሁሉ ወረደ። ክብደት ነዳጅ ነው። የተማሪዎቼን ደብተር እቤት ላርመው ብዬ ስጭን እንኳ፣ "ይሄ ሁሉ ልጅ እኛ መኪና ውስጥ ተሳፍሯል?" ይላል። ጎማው በየሳምንቱ ይነፋል፤ የላላ ጎማም ይጠጣልና። መንገድ ላይ ደግሞ የቤንዚን መስጫውን የሚነካው እንደ ታመመ ሰው ግንባር ነው። ሌላው ቀርቶ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ይቀድመናል። ስነጫነጭበት "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። "እንቁላሉስ ሄዷል፤ እኛ ነን ገና ጀዊ ያልደረስነው" አልኩት።

ይህ ሁሉ ሕግ እናቴ ደጅ ሲደርስ ይሻራል። እናቴ የበቆሎ ከረጢትና የማንጎ ጆንያ አዘጋጅታ ነው የምትጠብቀን። 

"እማማ፣ ይሄን ሁሉ ለማን ነው?" ይላታል ፈራ ተባ እያለ።

"ላንተ ነዋ ልጄ። እሷማ ወፍራለች፣ አንተ ነህ የከሳኸው።"

ደብተሬን የሚያስወርድብኝ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ይጭናል፤ አላህ ይስጥልኝ ይላል። ስንመለስ ግን መኪናዋ ከኋላ ዝቅ ብላ ስትሄድ ፊቱን ሳየው በሳቅ እሞታለሁ።

ከሁሉም ያስመረረኝ ግን አንድ ጥያቄ ነበር። እየነዳ፣ መንገድ መንገዱን እያየ፣ "ነዳጁ የት ደረሰ?" ይለኛል። ጠቋሚው ያለው ከመሪው ጀርባ፣ ከፊቱ ነው፤ እኔ ነኝ አንገቴን አስግጌ የማየው። "ካንተ ፊት አይደል እንዴ?" እለዋለሁ። "አንቺ ንገሪኝ" ይላል። ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው እለዋለሁ። ብዙም ሳንሄድ ደግሞ ይጠይቀኛል። ፈተና የማወጣው እኔ፣ ተፈታኟም እኔ ሆንኩ። ቁጠባ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ አንዳንዴ ሆን ብዬ ዝም እለው ነበር፤ ሳልመልስለት ግን አያርፍም።

በዚያው ሰሞን ቤንዚን ጨርሶ ጠፋ። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞሉ የሚሸጡ አሉ፤ ባሌ "ውሃ ይሁን ቤንዚን በምን አውቄ?" ብሎ አይነካውም። ቦቴ መጣ ሲባል እንሄድና ማደያው ጋ ሰልፍ እንይዛለን። ሰልፉ ሱቆቹን፣ ሆቴሎቹን አልፎ ወደ ባሮ ድልድይ የሚወርድበት ቀን ነበር። ከፊት ያለው መኪና አንድ እርምጃ ሲጠጋ ሁሉም ሞተር እያስነሣ ይጠጋል። ባሌ ዘንድ ይህ ነውር ነው፤ ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን ማቃጠል። ስለዚህ መኪናዋ መገፋት አለባት።

"አንቺ ግቢና መሪውን ያዢ" አለኝ።

"እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ሞተሩ ጠፍቷል፤ ወዴት ትሄድብሻለች?"

ቁልፉን አዙሬ፣ ፍሬን ረግጬ፣ ማርሹን ከማቆሚያው ከፒ ወደ ነጻው ኤን ማምጣት አስተማረኝ። ማርሽ መቀያየርና ፍሪሲዮን የሚባል ጣጣ ስለሌላት ሌላ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። ግን ሞተር የጠፋ መኪና መሪ ድንጋይ ነው። ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከረገጡት በኋላ ይደርቃል። መሪው ላይ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ፣ ወገቤን ከወንበሩ አስደግፌ ነው የማዞረው። እሱ ከኋላ ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል፣ እኔ በመስታወት እያየሁት እመራለሁ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው መዞር፣ ከፊት ያለውን ሳልነካ መቆም፣ የመኪናዋን ጎንና ጎን ማወቅ የተማርኩት። ነዳጅ ሳይፈጅ መንዳት የተማረ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ድሮ ያስተማርኩት ባጃጅ ነጂ ከጎናችን ቆሞ አየን። ኑዌር ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙ እሱ ስለነበር ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር። ሳቁን መያዝ አቃተው። "ቲቸር፣ ያንቺ መኪና ሞተር ከኋላ ነው?" አለኝ።

ባሌ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ቀና አለና፣ "አዎ ከኋላ ነው። ይሄኛው ሞተር ቤንዚን አይጠጣም፤ ውሃ ብቻ ነው" አለው።

ነጂውም ወርዶ አብሮት ገፋ። ከሰልፉ ሌላም ሰው መጣ። ጋምቤላ መኪና ሲገፋ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ገፊው በዝቶ ፍሬን መርገጥ የቸገረኝ ጊዜ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ እናቴ ስንሄድ፣ ከከተማው እንደወጣን ባሌ ዳር ይዞ ወረደ። "ነይ ወደዚህ" አለኝ። መቀመጫ ተቀያየርን። ሞተሩ ሲነሣ መሪው በእጄ ላይ ላባ ሆነ። ድንጋይ ሲያዞር ለከረመው ክንዴ ይህ አልተመቸውም፤ ትንሽ አዞርኩ ስል መኪናዋ ወደ ቦይ ልትገባ ነበር። ባሌ አልጮኸም። "አቅልዪ። እጅሽንም እግርሽንም አቅልዪ። ከጫማሽ ስር እንቁላል አለ በይ።"

"ይህ እንቁላል ደግሞ ከመንገዳችን አልወጣ አለ" አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ አላስቀምጥ አለኝ። በእሱ ጭቅጭቅ ማሰልጠኛ ገብቼ፣ ተፈትኜ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። "አንተ እያለህልኝ እኔ ምን ያደርግልኛል?" ስለው፣ "ያዢው፤ ቀለብ አይጠይቅሽም" አለኝ። ቀስ በቀስ የመሄጃውን መንገድ እስከ እናቴ መንደር መግቢያ ድረስ ለኔ ተወልኝ፤ መመለሻውን ደግሞ "ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች" እያለ በየጊዜው ያስረክበኝ ጀመር። ሰነፈ፣ አረጀ ብዬ አሾፍበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ስንመለስ ግን እሱ ነበር የሚነዳው። ከቀኝ በኩል አንዲት ፍየል ወጣች። እንዲህ በግልጽ፣ ቀስ ብላ ነው የወጣችው፤ እሱ ግን ወደሷ እየሄደ ነው። "ፍየል!" ብዬ ጮህኩ። ፍሬን ያዘ። ፍየሏ ምንም ሳትሆን ተሻገረች። ባሌ ሞተሩን አጠፋና ወረደ፣ በሩን ተደግፎ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ቁልፉን በእጄ አስቀመጠና "ንጂ" አለኝ። ያን ቀን እስከ ቤታችን ድረስ ነዳጁ የት ደረሰ ብሎ አልጠየቀኝም። የፈራሁት ያኔ ነው።

ተጨቃጭቀን መቱ ያለች የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። በሚኒባስ ነው የሄድነው፤ "ያን ሁሉ ዳገት እሷን አላስጠጣትም" ብሎ። ሐኪሟ ዓይኑን በመብራት እያየች ብዙ ቆየችና፣ "አባባ፣ ይህ ነገር ከጀመረዎት ቆየት ብሏል። መቼ ነው የታወቀዎት?" አለችው።

ባሌ ወደኔ አልዞረም። "ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው። የፒክአፑ የነዳጅ ጌጅ ጭጋግ እየለበሰብኝ ማየት ተቸገርኩ" አላት።

የዓይን ግፊት ነው አለችን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል። ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ አጥብቃ ነገረችው። ለሹፌር ይህ እንዴት ያለ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ግን እጁን ወደኔ ዘርግቶ፣ ረጋ ብሎ፣ "እሷ ትነዳለች" አላት።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ከቡሬ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲቀበለን፣ አለቀስኩ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይዞት ኖሯል። እኔ ሥሥት ነው ያልኩት ያ ጥያቄ፣ ጠቋሚውን ማየት ያቃተው ሰው ጥያቄ ነበር።

"አውቶማቲኳን ለኔ ነው የገዛሃት?" አልኩት።

"ለማን መሰለሽ? ለራሴማ ቢሆን ቤንዚን የምትጠጣ መኪና እገዛለሁ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ እኔን ማስታመም ነበር የምትጀምሪው። መንዳቱን ማን ይማራል? እናትሽ ጋ ማን ያደርስሻል?"

እጁን ያዝኩት፤ ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ማየታቸውን እያወቅሁ፣ ጋምቤላ እስክንገባ አልለቀቅሁትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ እናቴ የሄድነው እኔ እየነዳሁ ነው። አስቀድሜ የኋላ ሻንጣውን ባዶ አደረግሁ፣ ደብተሮቹን ራሴ አወረድኩ፣ ጎማውን አስነፋሁ። መንገድ ላይ ሳይጠይቀኝ "ከግማሽ በላይ ነን" እለዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል። ጀዊን ስናልፍ "አሁን ግማሽ ላይ ነን" እለዋለሁ። እናቴ ከማንጎዋ ስር ሆና እኔ ከመሪው በኩል ስወርድ ስታይ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች፤ ወደኔ ሳይሆን ወደሱ ሄደች፣ ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘችው። ነገሩን ስንነግራት ሁለተኛ ጆንያ ማንጎ አስጫነችን። እሱም አልተቃወመም።

ስንመለስ ቀትር ሆነ። መኪናዋ በማንጎው ከኋላ ዝቅ ብላለች፤ አራቱም መስኮት ክፍት ነው፤ አስፋልቱ ይንቀለቀላል። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ ቅንድቤን አለፈና ዓይኔ ውስጥ ገባ። በመሐረብ ጠረግሁት፤ መልሶ ገባ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መንዳቴን ከአተነፋፈሴ ነው መሰለኝ አወቀ።

"መስኮቱን ዝጊው" አለኝ።

"እንታፈናለን እኮ።"

"ዝጊውና ኤሲውን ክፈቺው። ላቡ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።"

"ከግማሽ በታች ነን" አልኩት።

"አውቃለሁ። ዓይንሽን ጠብቂ።"

መስኮቶቹን ዘጋሁና ቁልፉን ተጫንኩት። ሞተሩ ከበድ አለውና አቃሰተ። እሱም ሰማው፤ ምንም አላለም።