አራት ጣት እንጨት

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ነፋስ ወረቀቴን እንዳይወስድብኝ የምጭነው አንድ ቁራጭ እንጨት አለኝ። ርዝመቱ አራት ጣት ነው፤ ያውም የወንድ ጣት። አንደኛው ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ነው፤ ሌላው በእጅ ብዛት ለስልሷል። ጎኑ ላይ በቢላ የተጫረች ትንሽ ታንኳ አለች። እንግዳ የመጣ ሁሉ አንስቶ ያገላብጠውና ምንድን ነው ይለኛል። የበር ማቆሚያ የመሰለው አለ፤ የበርጩማ እግር ነው ብሎ ድርቅ ያለብኝም አለ። የጠመንጃ ሰደፍ ነው ስላቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቅና፣ ሲሄዱ አነሳና አሸተዋለሁ። የኑግ ዘይቱ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል ይሉኛል ልጆቼ። እኔን አሁንም ይሸተኛል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴም እናቴም የፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ፤ እሱ መካኒክ፣ እሷ ፈትል ክፍል። አባቴ የደልጊ ሰው ነው። ጣናን ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ይዞት የመጣው አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ጠመንጃ ብቻ ነበር። ቁመቱ ረጅም ስለነበር በራችንን ጎንበስ ሳይል አይገባም። እናቴ ይታይሽ ደግሞ አጭር ናት። ትከሻዬ ላይ ለመድረስ በርጩማ ያስፈልግሻል እያለ ያበሽቃት ነበር፤ እሷም የተናደደች መስላ ፊቷን ታዞርበታለች።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠመንጃውን ፈታትቶ ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ይቀመጣል። ብረቱን በራሱ ቅባት፣ እንጨቱን በኑግ ዘይት ይወለውለዋል። የእኔ ድርሻ ሰደፉ ጫፍ ላይ ያለችው ታንኳ ነበረች። እሱ በእኔ ዕድሜ ሳለ በቢላ ጭሯት ከአባቱ ጥሩ ግርፊያ የቀመሰባት ታንኳ ናት። ጨርቁን በጣቴ ጠቅልዬ ዘይቱን በቀጫጭኖቹ መስመሮች ውስጥ ሳስገባ፣ "ቀስ በይ፣ እንዳታሰጥሚያት" ይለኛል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ይደርሳል። ከኑጉ ጋር ሲቀላቀል፣ ለእኔ እሑድ ማለት ያ ሽታ ነበር።

ዐሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት አባቴን ወባ ወሰደብን። አርባው ወጥቶ ብዙም ሳንቆይ ከቀበሌ ወረቀት መጣ። በእኛ ቀበሌ ደንብ የሟች መሣሪያ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ ለቤተሰብ የሚዛወረው በቤቱ ውስጥ አንግቶ፣ አልሞ መተኮስ የሚችል ሰው ካለ ብቻ ነው። በቤቱ የቀረነው ደግሞ እናቴና እኔ ነን። ጎረቤቶቻችን ክፉ አስበው ሳይሆን፣ አስረክቢውና ተገላገይ፣ ሴት ምን ታደርገዋለች እያሉ መከሯት። ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን፣ "ልብሱን ለድኃ ሰጠሁ፤ ጫማውን ለወንድሙ ላክሁ። እጁ ያረፈበት ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳባትም። እኔም ያን ዕለት ነው ጠመንጃው ከቤታችን እንዳይወጣ ማርያምን የተሳልሁት፤ ምን እንደተሳልሁ ግን ዛሬ አላስታውሰውም።

የመሣሪያ መዝጋቢው ጓድ ፈንታ ይባላሉ። ጓድ ይባሉ እንጂ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ መዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ለፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ከሰባታሚት ወዲህ ካለው የድንጋይ ካባ ወሰዱን። ሃምሳ እርምጃ ተቆጥሮ ባዶ የወተት ጣሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጠመንጃውን ስታነሳ፣ ሰደፉ ብብቷ ሥር ገባ እንጂ ትከሻዋ ላይ አልቀመጥ አለ። ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ደግሞ ጣቷ ቃታው ጋ አይደርስም። ወደ ኋላ ተለምጣ፣ አንገቷን አስግጋ እንደምንም ሳበችው። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ፤ እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አብሮን የመጣው አብዮት ጠባቂ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ቢያዞርም ትከሻው ያስታውቅበት ነበር።

ጓድ ፈንታ አልሳቁም። አንድ ወር ጨመሩላት፤ በወሩ ካልቻለች ግን ገቢ እንደሚሆን ነገሯት። እናቴ አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና እዚያው ጠየቀቻቸው።

"ጠመንጃው ይረዝመኛል። በልኬ ላሠራው ብል፣ ደንቡ ምኑን ንኪ፣ ምኑን አትንኪ ይላል?"

"ብረቱን እንዳትነኪ። አፈሙዝ ያሳጠረ ይታሰራል፤ ቁጥር የፋቀም ይታሰራል። እንጨቱ ግን እንጨት ነው፣ እንደፈለግሽ አድርጊው።"

እናቴ ደግማ አስባለቻቸው። በደንብ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ ፋብሪካውም ሳይረኑ ከጮኸ በኋላ ገብታ አታውቅም።

አናጢው አያ ታከለ ይባሉ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚሠሩ፣ ቤታቸውም ከእኛ ሦስተኛው ነበር። እናቴን ክንዷን አሳጥፈው ከክርኗ እስከ ጣቷ በክር ለኳት። ክሩን ሰደፉ ላይ ሲዘረጉት አራት ጣት ተረፈ። ታንኳዋ ያለችው እዚያው አራት ጣት ላይ ነበር። አያ ታከለ እርሳሳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት።

"ይቺ መሄዷ ነው፣ ይታይሽ። ከመሐል ቆርጨ ልቀጥለው ብል አይበረክትልሽም።"

እናቴ "ትሂድ" አለች።

መጋዙ ሲገባ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ደስ የሚል ሥራ ነው። አያ ታከለ የሰደፉን አንገት ለእናቴ መዳፍ እንዲመች አቀጠኑት፤ በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። እናቴ ተጠርጎ የሚጣለውን ብናኝ ጥጥ ከፋብሪካው በፈቃድ አምጥታ ቆዳ ውስጥ ጠቀጠቀችና ለሰደፉ ግርጌ ትራስ ሰፋችለት፤ ሲተኮስ ትከሻዋን እንዳያደማት። ማንገቻውም በሦስት ቀዳዳ አጠረ። ብሎኖቹን ሳህን ላይ ቆጥራ አስቀምጣ እያንዳንዱ ወደየቦታው መመለሱን ቆማ ታይ ነበር። አያ ታከለ መጨረሻ ላይ ተሰላችተው፣ "ይቺ ሴትዮ እኔን ነው ወይስ ብሎኑን ነው የምትጠብቀው?" ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም ነበር። ስንጨርስ ኑጉን እኔ ቀባሁት፤ ጓሯችን እንደገና እሑድ እሑድ ሸተተ።

መጋዙ የገባ ዕለት እናቴ ቁራጩን ከመሬት አንስታ፣ ሳታየው እጄ ላይ አኖረችው። "ምድጃ ውስጥ ጨምሪው" አለችኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ተቆርጦ የቀረውን እያየች መኖር አልቻለችም። ምድጃው ዘንድ ሄድሁ፤ የጨመርሁት ግን አያ ታከለ የጣሉትን የዋንዛ ስባሪ ነው። ቁራጩን በዓመት በዓል ቀሚሴ ጠቅልዬ ከቆርቆሮው ሣጥን ሥር ሸጎጥሁት። ስመለስ "ተቃጠለ?" አለችኝ። "ተቃጠለ" አልሁ። እናቴን ከዚያ በፊት ዐይን ዐይኗን እያየሁ ዋሽቻት አላውቅም። ያን ሳምንት ምግብ አልበላልኝም፤ እሷ ግን የአባቴ ሐዘን መስሏት እንቁላል ትጠብስልኝ ነበር።

ወሩን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ባዶውን ጠመንጃ አንስታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ታልማለች። እኔ ከጎን ቆሜ ክንዷ ሲወርድ እነግራታለሁ። ቅዳሜው ደረሰና ወደ ካባው ተመለስን። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ልክ ገባ። የመጀመሪያዋ ጥይት ድንጋዩን ፈነከተች፤ ሁለተኛዋ ጣሳውን ገልብጣ አንከባለለችው። ያ የሳቀባት አብዮት ጠባቂ ራሱ ሮጦ ጣሳውን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣትና፣ "እትዬ ይታይሽ፣ ከእንግዲህ ዘብ የምወጣው ከእርስዎ ጋር ነው" አላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የቀረን ፊርማ ብቻ ነበር። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገብተን ጓድ ፈንታ ትልቁን መዝገብ ዘረጉ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ሲያነቡ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። አባቴ ጠመንጃውን ባስመዘገበ ጊዜ የቁጥሩን መጨረሻ ዝገት በልቶት ስለነበር፣ መለያው "ሰደፉ ጫፍ ላይ ታንኳ የተቀረጸበት" ተብሎ ነው የተጻፈው።

"ይሄ የእኔ ጽሕፈት ነው" አሉ። "የጻፍሁት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። ምን ላድርግሽ፣ ይታይሽ? ግልባጩ አውራጃ አለ። ታንኳ የሌለበትን ጠመንጃ ባዛውርልሽ፣ ሌላ መሣሪያ ነው ብለው ሁለታችንንም ይጠይቁናል። ቁራጩ የት አለ?"

"አቃጠልሁት" አለች እናቴ።

ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ጓድ ፈንታ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። ገቢ መሆኑ እንደሆነ ለእኔም ገባኝ። እናቴ እጇን ሰደፉ ላይ አሳረፈች፤ አላለቀሰችም፤ ቢሆንም እጇን አላነሳችውም። ብናገር ውሸቴ ይወጣል፤ ቁራጩንም ከመዝገቡ ጋር ያስቀሩብኛል። ዝም ብል ጠመንጃው ይሄዳል። "አልተቃጠለም" ስል ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

ማንም እስኪመልስልኝ አልጠበቅሁም። በዘንባባዎቹ ሥር፣ በብስክሌቶቹ መሐል እየተሹለከለክሁ ቤት ደርሼ፣ ቁራጩን ከነቀሚሴ ታቅፌ ተመለስሁ። እናቴ የቆዳውን ትራስ ክር በጥርሷ በጥሳ አነሳችው። ጓድ ፈንታ ቁራጩን ከሰደፉ ጋር ገጠሙት። የእንጨቱ መስመሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዛነፉ አለፉ፤ ታንኳዋም ቦታዋ ላይ ተመለሰች።

ጓድ ፈንታ ብዙ ካሰቡ በኋላ ብዕራቸውን አንስተው፣ እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡት። ሰደፉ በባለቤቷ ልክ ማጠሩን፣ መለያው ያለበት አራት ጣት ቁራጭ ለብቻው መኖሩን፣ ሁለቱም በየዓመቱ ቁጥጥር አብረው እንደሚቀርቡ። ከዚያ ቀና አሉ።

"የቁራጩ ያዥ ማን ልበል?"

"እሷ ናት" አለች እናቴ።

"ስምሽ ማን ነው፣ አንቺ?"

"አትጠገብ።"

"ያዥ፣ አትጠገብ" ብለው ጻፉና እንድፈርም ብዕሩን ሰጡኝ። ፊርማ ስለሌለኝ ስሜን በትልልቅ ፊደል ጻፍሁት፤ መስመሩን አልፎ የእናቴ ስም ላይ ደረሰ። ጓድ ፈንታ አልተቆጡኝም።

ወደ ቤት በሐይቁ ዳር ነው የተመለስነው። ዋርካው ሥር ስንደርስ እናቴ ቆማ እጇን ዘረጋችልኝ። ቁራጩን ሰጠኋት። አሸተተችው፤ ታንኳዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። "ዋሽተሽኛል" አለችኝ። "አዎ፣ እማ" አልሁ። "እንኳን ዋሸሽኝ። ሁለተኛ ግን እንዳይለምድሽ።" መልሳ ሰጠችኝና ሁለታችንም አለቀስን። አልቅሰን ስናበቃ ከዓሣ አጥማጆቹ ሁለት ቆሮሶ ገዝተን ገባን። ያን ቀን ምግቡ በላልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለቁጥጥር ስንሄድ እናቴ ጠመንጃውን አንግታ ከፊት፣ እኔ ቁራጩን በነጭ ጨርቅ ይዤ ከኋላዋ ነበር። ጓድ ፈንታ "ያዥ መጥታለች?" ሳይሉ መዝገባቸውን አይገልጡም። ሰፈሩ ውስጥ በመንግሥት መዝገብ ስሟ የሰፈረ ሴት ልጅ እኔ ብቻ እንደነበርሁ አምን ነበር፤ ለጓደኞቼም ይህንኑ ሳልነግር የዋልሁበት ቀን የለም።

መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያ አስረክቡ ተባለ። የምናስረክብበት ቀን ጠዋት እናቴ፣ "ነይ እስቲ አንድ ጊዜ ያዥው" አለችኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴን ከአባቴ ወስጄ እሷን በአንድ ራስ በልጫት ነበር። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው አጠረኝ፤ አውራ ጣቴ አፍንጫዬን ነካው። እናቴ ቁራጩን ከእጄ ወስዳ ከሰደፉና ከትከሻዬ መሐል አስገብታ በመዳፏ ደገፈችው። ልክ ገባ። "ለአንቺ ቢሆን መልሰን መቀጠል ነበረብን" አለችኝ፤ መዳፏን ግን ቶሎ አላነሳችም። ስናስረክብ ተረካቢው ወታደር ብረቱን አየ፣ ደረሰኝ ጻፈ፣ የሚቀጥለውን ጠራ። ቁራጩን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ዛሬ እዚያው ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው የምኖረው፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። ያ መዝገብ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ልጆቼም አንድ ቁራጭ እንጨት ይዞ በየዓመቱ መንግሥት ዘንድ መሄድን እንደ ቀልድ ነው የሚሰሙት። የዛሬው ቤቴ በሩ ከፍ ያለ ነው፤ የሚገባ ሰው ጎንበስ አይልም። እናቴ በእርጅና ይበልጥ አጥራለች። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ እየጻፍሁ ሳለሁ ትመጣና፣ ቁራጩን ከወረቀቴ ላይ አንስታ "ተነሽ እስቲ" ትለኛለች፤ ትከሻዬ ላይ ልትለካው። እጇ አይደርስም። "በርጩማ አምጪልኝ" ትላለች እየሳቀች።

በርጩማ አላመጣላትም። ጎንበስ እልላታለሁ።