አንዱን መስመር ለሁለት የከፈልን ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከደጀን ወደ ብቸና ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በስልክ ያወራ ነበር። አንዱ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዷ ከልጇ ጋር በምስል ትሳሳቃለች። መስመር ተይዟል ተብሎ የተመለሰ አንድም ሰው አላየሁም። ሌላው ልብ ላይለው ይችላል፤ እኔ ግን የወጣትነት እንጀራዬ ይኸው ስለነበር ልብ አልኩት።

ያኔ ብቸና የተመደብኩ የሞባይል ኔትወርክ ቴክኒሺያን ነበርኩ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ አለቃዬ ጋሽ ታደሰ፣ «የሞጣ መስመር ተጨናንቋል፤ ተነሽ እንሂድ» አሉኝ። ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም ነበርና ፒካፓችን ጭቃው ላይ እየዋለለች፣ እኛም ከመንገድ ዳር የገዛነውን ትኩስ በቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን ከሰዓት በኋላ ደረስን።

ከሞጣው የኔትወርክ ማማ አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱት እትዬ ዘሐራ ስልካቸውን እንደያዙ የመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ጠበቁን። ልጃቸው ወሯ ገብቶ በጉንደ ወይን መንገድ ካለ አንድ ገጠር ነበረች።

«ከጠዋት ጀምሮ እሞክራለሁ፤ አይገባም» አሉ። «በባሏ ቤት ትሁን በአማቷ ቤት አላውቅ፤ የተከራየሁትን መኪና ወዴት ልላከው?»

መሣሪያው ጋ ስንገባ መስመሩ ሁሉ ሞልቷል። አንድ መንገድ ነበረን፦ የሰውን ድምፅ ይበልጥ ጨምቆ፣ አንድ ጥሪ በሚይዘው ቦታ ሁለት ማሳለፍ። ጋሽ ታደሰ አልወደዱትም።

«ድምፁ ይቀጥናል። በበዓል ስሞታ ትፈልጊያለሽ?»

«ስሞታውን እኔ እቀበላለሁ፣ ጋሼ። አሁን እኮ ጭራሽ የሚደርስ የለም።»

ወደ መሣሪያው ዞረው ትእዛዙን አስገቡ።

ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ዘሐራ ስልክ ጮኸ። አንስተው አዳመጡና ፊታቸው ተኮሳተረ። «ማነህ አንተ? የልጄ ባል የአህመድ ድምፅ እንዲህ አይደለም» አሉ። ከወዲያ የሚለው ለእኔ አይሰማኝም። «እሺ፣ አህመድ ከሆንክ የእናትህ ስም ማነው?» መልሱን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ምጡ መቼ ጀመራት? ... አማቷ ቤት? በሉ አትንቀሳቀሱ፣ መኪናው መጣ።»

ልጅቷ ሞጣ ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ስሞታው ግን አልቀረም። በማግስቱ አንድ የቅኔ መምህር ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ደብረ ኤልያስ ያለ ተማሪያቸው ለበዓሉ በስልክ ቅኔ ዘርፎላቸው ኖሯል። «ሰሙ ደረሰኝ፤ ወርቁን ግን እናንተ ጋ አስቀራችሁት» አሉን። ጋሽ ታደሰ እየሳቁ ወንበር አቀረቡላቸው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሰው ሲበዛ ብቻ መስመሩን ለሁለት እንዲከፍል፣ ሲቀልለት ሙሉውን እንዲሰጥ አደረግነው። የኔታም ተማሪያቸውን መስመሩ ሳይጨናነቅ በጠዋት መስማት ጀመሩ።

ዛሬ መሣሪያው ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ያወራል፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይደርሳል። ጥራት ይሻላል ወይስ ብዛት እያሉ ወጣቶቹ ባለሙያዎች ሲከራከሩ ስሰማ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው አውቃለሁ። እኔ ግን እትዬ ዘሐራን አስባለሁ። የቀጠነ ድምፅ ቢያጠራጥር «ማነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያልደረሰውን ማን ይጠይቀዋል?