የባለባናው ፊት

የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ትናንት ከገበያ ስመለስ አንድ ሠራተኛ ደጁ ላይ የጋሪ ብረት ሲያቀዘቅዝ ደረስኩ። ቸስስ አለና እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። አላመመኝም፤ ለአፍታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ደግሞ እሷው ናት። ተማሪ ቤት የሰማችውን ተረት መንገዱን ሙሉ ስታወራልኝ ነበር። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ሰው የሚያድን ጀግና አለ፤ ጨርቁን ሲያወልቅ ተራ ሰው ይሆናል፤ ጎረቤቶቹም አያውቁትም። "ውሸት ነው አይደል እማማ?" አለችኝ። "ዐይኑ እየታየ፣ ድምፁ እየተሰማ ሰው እንዴት ጎረቤቱን አያውቅም?" እሷን "ስታድጊ እነግርሻለሁ" አልኳት። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር። የካ ገና የእርሻና የጫካ አገር ነው። አሁን ባሕር ዛፍ የወረሰው ተዳፋት ሁሉ ጽድና ወይራ ነበር። ቤታችን ከቀበና ወንዝ ወዲህ ስለሆነ የካ ሚካኤልን ለመሳለም ወንዙን መሻገር ግድ ነው። ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። ክረምት ላይ ቀበና የሚሞላው ደግሞ እኛ ዘንድ ሳይዘንብ ነው። ዝናቡ እላይ እንጦጦ ላይ ይወርዳል፤ እኛ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ጎርፉ እያጓራ ይደርሳል። በየዓመቱ ሰው ይወስድ ነበር።

አንድ ክረምት ታዲያ አንድ ሰው ብቅ ማለት ጀመረ። ጥቁር የበግ ጠጉር ባና እስከ ዐይኑ ድረስ ተከናንቦ፣ ወገቡን በጠፍር ከወይራ ግንድ ጋር አስሮ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ውሃው የያዘውን ሰው እጁን ይዞ ያወጣና ሳይናገር ጥሻው ውስጥ ይጠፋል። ባለባናው አሉት። ቄሱ መልአክ ነው አሉ። ከንጉሡ ሰፈር የመጣ አንድ ወታደር ኃጢአቱን የሚያስተሰርይ መኮንን ነው ብሎ ማለ። ልብስ አጣቢዎቹ ከዋርካ ይረዝማል አሉ። አገሩ በሙሉ ማን እንደሆነ ይከራከራል፤ የሚያውቀው ግን የለም።

እኔ አውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ብነግርህ ትስቃለህ፤ ያወቅሁት ባለጌ ልጅ ስለነበርኩ ነው።

ከመንደራችን ዳር፣ ከመሻገሪያው በላይ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። ቀጥቃጭ ያን ጊዜ ምን እንደነበር ታውቃለህ፤ ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ያረፈበትን ይበላል ይባላል። መጥረቢያ ለማሳል የሄደ ሰው ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ያዞራል። ቀጥቃጩም ስሎ መሬት ላይ ያስቀምጥለታል። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል የለም። እናቴ ስትልከኝ "መሬት መሬቱን እያየሽ!" ትለኝ ነበር። እኔ ግን አትዪ የተባልኩትን ሳላይ አልመለስም። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ወናፉን ሲነፋ የሚጠብቡትን ቡናማ ዐይኖቹን አጥንቻቸው ነበር። ባለባናው አንድ ቀን እኔን ራሴን ሲያሻግረኝ ከባናው በላይ ያየኋቸው እነዚያኑ ዐይኖች ናቸው።

በማግስቱ መጥረቢያ ይዤ ሄድኩና "አንተ ነህ" አልኩት። መንደሩ ሁሉ አንተ ስለሚለው እኔም አንተ ነበር የምለው። መዶሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"እንዳትናገሪ። ካወቁ እጄን አይዙም። እጄን ካልያዙ ደግሞ ይሰምጣሉ።"

ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን። ወዳጅነታችን ግን ጀግናዬን አሳነሰብኝ። ለካ ባለባናው ጉረኛ ነው! በሄድኩ ቁጥር "እህ፣ ምን አሉ?" ይለኛል። ከዋርካ ይረዝማል አሉ ስለው ጥርሱን መሸፈን ያቅተዋል። አንዲት ሴት አጭር ነው ማለቷን ብነግረው ግን "እሷ እኮ ዐይኗን ጨፍና ነው የተሻገረችው" ብሎ ቀኑን ሙሉ ተነጫነጨ። ከዚህ የባሰም ነበረው። ጎርፍ የመጣ ቀን ተከትዬው ሄጄ፣ ከመግባቱ በፊት ቁጥቋጦ ሥር ተደፍቶ ሲያስመልሰው አየሁ። ዋና አይችልም፤ ውሃ እንደሱ የሚፈራ ሰው ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

"ታዲያ ለምን ትገባለህ?" አልኩት።

"ጩኸት ሰምቼ መቀመጥ አልችልም። ከውሃው የባሰ እሱ ያመኛል።" ቀጥሎም፣ "ማንነቴን ብትናገሪ እምርሻለሁ፤ ፍርሃቴን ብትናገሪ ግን መቼም አልምርሽም" አለኝ።

በሐምሌው ሚካኤል ተሳልመን ስንመለስ እኔ ከሰዎች ጋር ቀድሜ ተሻገርኩ። እናቴ የሰባት ወር ወንድሜን ልታጠባ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። እሷ ወንዙ መሐል ስትደርስ ጎርፉ መጣ። አንድ ቋጥኝ ላይ ወጣች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ባቷን ያዘ። ጮኽን። ባለባናው ከጥሻው ወጥቶ ጠፍሩን አሰረና ገባ። አጠገቧ ሊደርስ ሲል ጎርፉ ያመጣው ግንድ ባናውን ይዞት ሄደ።

አፋፉ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ከባናው ሥር የቀጥቃጭ የቆዳ ሽርጡ ታየ። "በስመ አብ! ቀጥቃጩ ነው እኮ!" አለች አንዲቱ። ባለፈው ሳምንት ያሻገራት ሴት ክንዷን በነጠላዋ መፈተግ ጀመረች።

ቀጥቃጩ እጁን ዘረጋ። እናቴ የወንድሜን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችና ፊቷን አዞረች። "ሌላ ሰው ጥሩልኝ!" አለች። ሌላ ሰው ከየት ይምጣ? ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። እሱ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ያን እጅ ሲሰበስብ ሳየው ልቤ ተሰነጠቀ። እናቴ ከነወንድሜ ዐይኔ እያየ ልትሄድብኝ ነው።

"እማዬ ያዢው!" ብዬ ጮኽኩ። "ሁልጊዜም እሱ ነበር! ሰው አይበላም! እሱ ራሱ ይፈራል! ውሃ ይፈራል፣ ከመግባቱ በፊት ያስመልሰዋል!"

አገር ሰማ። እናቴም ሰማችና ዞራ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አገጩ ይንቀጠቀጣል። የተባባሉትን ኋላ ነው የነገረችኝ።

"እውነቷን ነው?" አለችው።

"እውነቷን ነው። ቶሎ በይ፣ እግሬ ሊከዳኝ ነው።"

ወንድሜን ከጀርባዋ ፈትታ ሰጠችው። ከዚያ ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ወጣች።

አገሩ በአንድ ቀን ተለወጠ ብልህ እዋሻለሁ። ክንዷን የፈተገችው ሴት ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀች። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሲይዛት ግን ገና ከሩቅ ሳለ እጇን የዘረጋችለት እሷ ናት። ቀጥቃጩ እኔን እስከ መስቀል አኮረፈኝ። ከዋርካ የሚረዝመው ሰው ሞቶበታል፤ ልጆች እንኳ "ፈሪው መጣ" እያሉ እየሳቁ ይከቡት ጀመር። ፊቱን እያዩ ነበር የሚስቁት።

ያው የጎርፉ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ የረጠበ ልብሷን ቁጥቋጦ ላይ ታሰጣ ነበር።

"ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። አይተሽዋል?" አለችኝ።

"አይቻለሁ።"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። "ዐሥራ አንድ ዓመት መጥረቢያዬን ስሎልኛል" አለች። "ትናንት መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም ነበር።" እንባዋን አልደበቀችኝም። ከዚያ ወንድሜን ብድግ አድርጋ አቀፈችው።

"ነይ እንሂድ። ሕፃኑን በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ተሸከመው እንጂ መቼ አየው? ደህና አድርጎ ይየው" አለችና፣ የወንድሜን ፊት ሳትሸፍን ወደ ቀጥቃጩ ቤት መንገድ ጀመረች።